ሁለት ዓምድ ያለው ደብተር

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። የሞኙን ነገር አላውቅም፤ ወረቀቱን ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የያዘውን ሳስለቅቀው ኖሬያለሁ።

ሥራዬ ያገለገለ የፈተና መለማመጃ መጽሐፍ መሸጥ ነው። ልጁ የኮሌጅ መግቢያ ሊፈተን ሲል መለማመጃ ይገዛል፣ ዓመቱን ሙሉ ሀ ለ ሐ መ እያለ በእርሳስ ያከብባል፣ ፈተናው ካለፈ በኋላ ደግሞ መጽሐፉን ከቤት ማስወጣት ነው የሚፈልገው። እኔ እቀበለዋለሁ። ክቡ ይጠፋል፣ የታጠፈው ጥግ ይቃናል፣ ሽፋኑ በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል፣ ለመጪው ዓመት ተፈታኝ ይሸጣል። በእስክሪብቶ አክብቦ የሚያመጣብኝን ግን ከነመጽሐፉ ነው የማባርረው። «በእርሳስ፣ በእርሳስ» እያልኩ ስጮህ ጉሮሮዬ ደረቀ እንጂ የሰማኝ የለም።

የማጥፋቱን ሥራ የምትሠራልኝ ላጲስ ናት። እናቷ ያወጡላት ደህና ስም አላት፤ ነገር ግን ገበያተኛው ሁሉ ላጲስ ሲላት እኔም ላጲስ አልኳት፣ እሷም «አቤት» አለች፣ በዚያው ጸና። ዕድሜዋ ሃያ ስድስት ነው። ከሱቁ ጀርባ፣ መስኮቱ ሥር፣ ጠረጴዛ አላት። ነጩን ለስላሳ ላጲስ በምላጭ አራት ቦታ ትቆርጠዋለች። ስታጠፋ ከመጽሐፉ ስፌት ወደ ጠርዝ ብቻ ነው፤ ወዲያና ወዲህ ያለ እንደሆነ ገጹ ይጨማደዳል። ፍርፋሪውን በጺም መላጫ ብሩሽ ትጠርገዋለች። አንዳንዱ ተማሪ ደግሞ እልኸኛ ነው፣ እርሳሱን ተጭኖ ወረቀቱን ያርሰዋል፤ ለእሱ ስስ ወረቀት ደርባ በማንኪያ ጀርባ ታሸዋለች። መጽሐፉ ከእጇ ሲወጣ ማንም ያልነካው ይመስላል። ከእሷ በፊት ሦስት ሠራተኛ ሞክሬ ሦስቱም ገጽ ቀደዱብኝ።

ወደ እኔ ከመምጣቷ በፊት አንድ ክሊኒክ ውስጥ የላቦራቶሪ ዕቃ አጣቢ ነበረች። የመስታወት ቱቦዎቹን ታጥባለች፣ ትቀቅላለች፣ ታደርቃለች። አንድ ቀን ማንም በሌለበት በማይክሮስኮፑ አጮልቃ አየች። የላቦራቶሪው ሰውዬ ደረሰባትና «ይሄ ዲፕሎማ ላለው ነው» አላት። ሌላ ሰው ቢሆን ያፍራል ወይ ይቀየማል። እሷ «እሺ፣ ዲፕሎማው የት ነው የሚገኘው?» ብላ ጠየቀችው። ሰውዬው በሣቅ ፈረሰ። እሷ ግን የምሯን ነበር። በኋላ ተጠቅመው የሚጥሉት የፕላስቲክ ቱቦ መጣ፣ እሷንም አብረው ጣሏት። «ያየሁት ነገር ግን ከዓይኔ አልጠፋም ጋሼ፤ አንዲት ጠብታ ውስጥ ያ ሁሉ ነገር ሲርመሰመስ» ትለኝ ነበር።

እንግዲህ የፈለገችው ይሄ ነው፦ የላቦራቶሪ ትምህርት ለመማር ኮሌጅ መግባት። ለዚያ ፈተናውን ማለፍ አለባት። እንደ እሷ ትምህርት ቤት ጨርሶ በግል የሚፈተን ሰው ደግሞ የሚፈቀድለት ሦስት ጊዜ ነው። አራተኛ የለም። መጀመሪያ ከክሊኒኩ ሳለች ተቀመጠች፣ ወደቀች። ሁለተኛ እኔ ጋ በመጣች በዓመቱ ተቀመጠች፣ ለትንሽ ወደቀች። የቀራት አንድ ብቻ ነበር፤ እሱንም ዝም ብላ አላባከነችውም፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ተዘጋጀችበት።

አሁን ስለ መልሱ ልንገራችሁ። መለማመጃ መጽሐፍ መጨረሻው ላይ የመልስ ገጾች አሉት። መምህራኑ ግን መጽሐፉ በተገዛ ዕለት እነዚያን ገጾች አስቆርጠው ይሰበስቧቸዋል፣ ተማሪው እያየ እንዳይገለብጥ። ስለዚህ ወደ እኔ የሚመጣው መጽሐፍ ሁሉ ጅራተ ቆራጣ ነው። መልስ ያለው በላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ በላስቲክ የታሸገው አዲሱ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ላጲስ ቀና ብላ አየችውና «ጋሼ፣ አንዱን ከፍቼ መልሱን ብቻ ልይ?» አለችኝ። «ላስቲኩ የተቀደደ አዲስ፣ አዲስ ነው እንዴ?» አልኳት። «እውነትዎን ነው» ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ደግማም አልጠየቀችኝ። እንዲህ ነኝ እኔ፤ ለአንድ ላስቲክ።

መልስ ካጣች በኋላ ነው የራሷን ዘዴ ያገኘችው። አስቡት፤ አንዱ መጽሐፍ ስልሳ ሰባ ቅጂ ሆኖ በእጇ ያልፋል። ሁሉም ላይ ክብ አለ። ለማጥፋት ደግሞ ማየት ግድ ነው። «ይሄን ሁሉ ተማሪ ከማጥፋቴ በፊት ባስቆጥረውስ?» አለች። ትልቅ ደብተር ገዛችና ለእያንዳንዱ ጥያቄ ሁለት ዓምድ አሰመረች። በመጀመሪያው ዓምድ ራሷ አስባ ትክክል የመሰላትን ትጽፋለች። በሁለተኛው ዓምድ ተማሪዎቹ ያከበቡትን እየቆጠረች፣ ብዙ ሰው የመረጠውን ትጽፋለች። ሁለቱ ሲገጥሙ ደስ ይላታል። ሳይገጥሙ ሲቀሩ ግን ትጨነቃለች፣ ትብሰለሰላለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ ደብተሯን ይዛ ወደ ፊት ለፊት መጣች።

«ጋሼ፣ እንዲያው አንድ ነገር ልጠይቅዎት።»

«ጠይቂ፤ እጅሽ ግን ሥራ እንዳይፈታ።»

«ውኃ ሲፈላ ከሥር የሚወጡት አረፋዎች ውስጥ ያለው ምንድን ነው ይላል ጥያቄው። ለ፣ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ነው። ሐ፣ እንፋሎት ነው። እኔ ሐ ብያለሁ። ክሊኒክ ሳለሁ በየቀኑ ሳፈላ ያየሁት ነው። ካጠፋኋቸው ስልሳ መጽሐፎች ውስጥ ግን አርባ አንዱ ለ ብለዋል። ማንን ልመን?»

እኔ ስለ ፈላ ውኃ የማውቀው ሻይ እንደሚሆን ብቻ ነው። አላውቅም ብላት ምን ነበረበት? የለም፣ ቀልድ መጣልኝ። «ሁለቴ ወድቀሽ ከአርባ አንድ ሰው ጋር ልትከራከሪ ነው?» አልኳት።

ሣቀች። እኔም ሣቅሁ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር አይደል የሚባለው፣ እውነትዎን ነው» አለችና እዚያው ቆማ ሐ የሚለውን ሰረዘችው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለቱ ዓምዶች በተጣሉ ቁጥር የተሸነፈችው እሷ ናት። ራሷ የጻፈችውን በቀጭን መስመር ትሰርዝና ሕዝቡ ያለውን ታጠናለች።

ታጠናለች ስል ደግሞ እንደ በቀቀን መሸምደድ አይምሰላችሁ። ጭንቅላቷ ምክንያት ይፈልጋል። «ሕዝቡ ለ ያለው ለምን ይሆን?» ብላ ታስባለች፣ ታስባለች፣ በመጨረሻ ምክንያቱን ታገኘዋለች። «አየ፣ ለካ ውኃ የተሠራው ከሃይድሮጅንና ከኦክስጅን ነው፤ እሳቱ ሲበረታበት ይፈታታል፤ አረፋው እሱ ነው!» እንዲህ እያለች ለሁሉም ጥያቄ ምክንያት አበጀችለት። ሲሰሟት ደግሞ ታሳምናለች። መጽሐፍ ሊገዙ የሚመጡት ተማሪዎች ነገሩን ደረሱበትና ይጠይቋት ጀመር። የኬሚስትሪ አርባ ሦስተኛው? ትመልሳለች። የፊዚክስ አሥራ ሰባተኛው? ትመልሳለች፣ ምክንያቱንም ትጨምርበታለች። እኔማ ኮራሁ። ለጎረቤቴ ለጫማ ሻጩ «የኔዋ ላጲስ ከመምህር ትበልጣለች» እያልኩ እፎክር ነበር። ስሟም ገበያዬን አደራልኝ፤ ልደብቃችሁ አልፈልግም።

እናቷ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ቁልፍና የቁልፍ ቀዳዳ እየሠሩ ያሳደጓት ሴት ናቸው። በሳምንት አንድ ቀን የተሠራውን ለማስረከብ ሲያልፉ ሱቄ በር ላይ ቆም ይላሉ። ጣቶቻቸው ጫፋቸው በመርፌ ተበሳስቶ እንደ ወንፊት ነው።

«ወንድሜ፣ ዘንድሮስ?» ይሉኛል።

«ዘንድሮማ ያለቀ ነገር ነው እትዬ» እላለሁ።

«አፍዎ ይባረክ። እኔ እኮ የሚያናድደኝ መውደቋ አይደለም። ከወደቀች በኋላ ሳምንት ሙሉ ምግብ ስትገፋ ማየት ነው።»

ፈተናው ዘጠኝ ቀን ሲቀረው መምህሩ መጣ። ማስጠኛ ቤት ውስጥ ኬሚስትሪ የሚያስተምር፣ ተማሪ ሳለ ጀምሮ የማውቀው ልጅ ነው፤ አሁን ራሰ በራ ቢሆንም ለእኔ ያው ልጅ ነው። ላጲስ አንዲት ልጅ ጠይቃት የፈላውን ውኃ ስታስረዳ ደረሰ። መጽሐፍ የሚመርጥ መስሎ ቆሞ ሰማት።  ልጅቱ አመስግና ሄደች፣ ላጲስም ምሳዋን ልትበላ ወጣች። ያን ጊዜ ወደ ጠረጴዛዋ ሄዶ ደብተሯን ገለጠ።

«ይሄ ሁለተኛው ዓምድ ምንድን ነው?» አለኝ።

እኔም በኩራት፣ አቤት ኩራቴ፣ ዘዴዋን ከሀ እስከ ፐ አስረዳሁት። እስክጨርስ ሰማኝ። ከዚያ «መጽሐፍ የሚሸጥልዎ ማነው?» አለ።

«ተማሪ ነዋ! አናጺ ይሸጥልኛል?»

«የትኛው ተማሪ? ያለፈው ነው የወደቀው?»

«እኔ ውጤት እጠይቃለሁ እንዴ?»

«እኔ ከእርስዎ የገዛሁትን መጽሐፍ መልሼ ሸጬልዎታለሁ?»

«የለም።»

«ሳልፍ ለእህቴ ሰጠኋት። እህቴም አለፈች፣ ለጎረቤት ልጅ ሰጠች። ያለፈ ሰው መጽሐፉን አይሸጥም ጋሼ። እዚህ የሚመጣው የወደቀ ሰው መጽሐፍ ነው።»

ክው አልኩ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያየሁት ነገር እኮ ነው። መጽሐፉን በፌስታል ጠቅልለው ይመጣሉ፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ይተክላሉ፣ ዋጋ አይከራከሩም። አንዳንዱን አባቱ ነው የሚያመጣለት። የወደቁ መሆናቸውን አላውቅም ነበር ብል እዋሻለሁ። አውቅ ነበር። ግን ያንን እውቀት ከላጲስ ደብተር ጋር አጠጋግቼ አይቼው አላውቅም። ጭንቅላት ሲባል የእኔም ጭንቅላት ተብሎ ነው።

መምህሩ ከቦርሳው የመልስ ገጾች አወጣና ተቀመጠ። «ፈተና የሚያወጣ ሰው ወጥመድ ያስቀምጣል፤ ትክክል የሚመስል ስህተት። ያልገባው ተማሪ ሁሉ እዚያች ላይ ነው የሚረግጠው። ልጅቱ የቆጠረችው መልስ አይደለም፣ ወጥመዱን ነው» አለኝ። ጣቱን እያስኬደ ሃምሳ ጥያቄ አመሳከረ። ሁለተኛው ዓምድ፣ የሕዝቡ፣ ሃያ አንድ ልክ ሆነ። ከዚያ ጣቱን ወደ መጀመሪያው ዓምድ መለሰ፣ በቀጭን መስመር የተሰረዘውን ሳይቀር እያነበበ። ሠላሳ ስምንት።

«ከሃምሳ?» አልኩት።

«ከሃምሳ። ብቻዋን፣ ያለ አስተማሪ።» ደብተሩን በዝግታ ከደነው። «ለተሳሳተ መልስ ያን የመሰለ ምክንያት ማበጀትም እኮ ጎበዝ ሰው ነው የሚችለው። ጋሼ፣ ዛሬውኑ ይንገሯት። ሁለተኛውን ዓምድ ትተወው፣ በራሷ ትሂድ። ዘጠኝ ቀን ይበቃታል። እኔ ነገ ፈተና ልቆጣጠር ሌላ ከተማ እሄዳለሁ፣ እዚያው ነው የተመደብኩት፣ ከፈተናው በፊት አልመለስም። እርስዎ ይንገሯት።» የመልስ ገጾቹን እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። «እነግራታለሁ» አልኩት። ስለውም የምሬን ነበር።

ላጲስ ከምሳ ስትመለስ ከእናቷ ጋር ነበረች። እናቷ ለፈተናው ቀን ብለው ሰማያዊ ሸሚዝ ሰፍተውላታል፣ ሊያሳዩኝ ነው የመጡት። «ዘንድሮ እኮ ወንድሜ፣ እንቅልፏን ትተኛለች። ባለፉት ሁለት ጊዜ ስትገላበጥ ነበር የምታድረው» አሉኝ። ላጲስ ከሸሚዙ በስተጀርባ ፊቷ እስኪበራ ትሥቃለች። ገጾቹን መሳቢያ ውስጥ ከተትኳቸው። ነገ እነግራታለሁ አልኩ።

እውነት ተናግሮ ከመሸበት የሚያድር ሰው አለ ይባላል። እኔ ቤቴ ገብቼ ነው ያደርኩት። በነጋው ደግሞ «ልቧን ከምሰብረው» አልኩ። በሦስተኛው ቀን «አሁን ብነግራት ሁሉም ይምታታባታል» አልኩ። በአምስተኛው ቀን «ያ መምህር ያለው ሁሉ ትክክል ነው ያለው ማነው?» አልኩ። ሰው ሲፈራ ምክንያት አያልቅበትም፤ ላጲስ ብቻ አይደለችም ምክንያት የምታበጀው። እውነቱን ልንገራችሁ? የፈራሁት የእሷን ልብ መስበር አልነበረም። ስነግራት «ሐ ብዬ ነበር እኮ፣ እርስዎ ነዎት ያስሰረዙኝ» ብላ እንዳታየኝ ነው የፈራሁት።

ፈተናው አንድ ቀን ሲቀረው ከአፌ ሊወጣ ደረሰ። «ላጲስ» አልኳት፣ «ያቺ የፈላው ውኃ ጥያቄ…»

ብሩሿን ይዛ ዞረች። «ለ ናት ጋሼ! ይሄን ያህል ጊዜ ሳስረዳ ሰምተው እስካሁን አልያዙትም? ነገ የሚፈተኑት እርስዎ ቢሆኑ ጉድ ፈልቶ ነበር።»

«አዎ፣ ለ ናት» አልኳት።

ይሄን ያልኩት እኔ ነኝ። በአፌ።

በማግስቱ ፈተናውን ጨርሳ በቀጥታ ወደ ሱቁ መጣች። ሸሚዟ ደረቷ ላይ የእርሳስ ዱቄት ነክቶታል። «ያላየሁት ዓይነት ጥያቄ የለም ጋሼ። አንዱም አላስቸገረኝም፣ ሰዓቱ ሳያልቅ ጨረስኩ» አለችኝ። ጫማ ሻጩ እንኳን ደስ ያለሽ አላት። እኔም አልኳት፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ። ለሁላችንም ሻይ አዘዝኩ። ሁለት ወር ሙሉ እንደ ሙሽራ ቀለል ብሏት፣ እያንጎራጎረች ሠራች። ያንን እንጉርጉሮ እየሰማሁ መዋል ምን እንደሚመስል አትጠይቁኝ።

ውጤቱ የተለጠፈ ዕለት ልታስፈቅደኝ መጣች፣ ፈቀድኩላት። ስትመለስ ፊቷን አይቼ ምንም አልጠየቅኳትም። ውጤቷ ከመጀመሪያውም ከሁለተኛውም ያነሰ ነበር። አላለቀሰችም። ጠረጴዛዋ ጋ ሄዳ ተቀመጠች፣ የጀመረችውን መጽሐፍ ገለጠች፣ እንደ ሁልጊዜው ከስፌቱ ወደ ጠርዝ ማጥፋት ጀመረች። ገበያተኛው ሲሳሳ ነው የተናገረችው።

«መጀመሪያ ስወድቅ ስላላጠናሁ ነው አልኩ። ሁለተኛ ስወድቅ መልሱን የሚነግረኝ ስለሌለ ነው አልኩ። አሁን ግን ጋሼ፣ ሁሉንም እያወቅኩ ወደቅኩ። እንግዲህ ማመካኛ የለኝም። ጭንቅላቴ ነው። እንዲያውም ተገላገልኩ፣ ከእንግዲህ አልለፋም።»

«እንዲህ አትበይ» አልኳት። ሌላ ምን አልኩ? ምንም። ሆድ ይፍጀው አልኩ።  ደብተሯን ለአትክልት ሻጯ ሰጠቻት፣ ቅጠል እየቀደደች ቃሪያ ስትጠቀልልበት በዓይኔ አየሁ። ተማሪዎች ጥያቄ ይዘው ሲመጡ «እኔ ምን አውቄ» ትላቸዋለች። ጥቂት ቆይቶ መምጣቱን ተዉት።

ያለፈው ሳምንት እናቷ እንደገና መጡ። በዚህኛው ጊዜ በር ላይ አልቆሙም፣ ገብተው ተቀመጡ። ከብብታቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ፤ የማመልከቻ ቅጽ ነው። አንድ የጤና ማሠልጠኛ የላቦራቶሪ ረዳቶችን ለማስተማር ይፈልጋል፣ የሚቀበለውም በራሱ ፈተና እንጂ በኮሌጅ መግቢያ ውጤት አይደለም። ለእናቷ የነገራቸው ያ ያኔ የሣቀው የክሊኒኩ ሰውዬ ነው፤ «ያቺ ዲፕሎማው የት ነው ያለችኝ ልጅ ትሞክር» ብሎ። ምዝገባው አርብ ይዘጋል።

«እምቢ አለችኝ ወንድሜ። እኔን አትሰማኝም፣ እናት ስለሆንሽ ነው እንዲህ የምትይኝ ትለኛለች። እርስዎን ትሰማለች። በየቀኑ የሚያይዋት እርስዎ ነዎት። እግዜር ያሳይዎ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፣ ልጄ ደደብ ናት?»

ላጲስ መስኮቱ ሥር ሆና ትሰማለች። እጇ አልቆመም።

«ደደብ አይደለችም» አልኩ። «እኔ እንደ እሷ ያለ ጎበዝ አላየሁም።»

«እንግዲያው ሦስት ጊዜ ሙሉ ለምን?»

ምላሴ ላይ ነበር። አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት እኮ፤ ሠላሳ ስምንት ከሃምሳ፣ ብቻሽን፣ እኔ ነኝ ያስሰረዝኩሽ። መሳቢያውን መክፈት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። እናትየዋ አፍ አፌን ያያሉ። ላጲስም ያን ጊዜ እጇን አቁማ ቀና አለች፤ እሷም መልሱን የምትጠብቅ መሰለኝ፣ እንዲያውም ልትለምነኝ የቀራት ትንሽ ነበር። ዓይኗን ሳይ ያ የማውቀው ፍርሃት ተመለሰብኝ።

«ዕድል ነው እትዬ» አልኩ። «ዕድሏ ነው።»

እናቷ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ይኸው፣ ሰማሽ? ዕድል ነው እንጂ አንቺ አይደለሽም ይላሉ። ዕድል ደግሞ ይለወጣል።»

«ጋሼ ደግ ስለሆኑ ነው እማዬ» አለች ላጲስ። «ሰው ላለማስከፋት ነው እንዲህ የሚሉት፣ አውቃቸዋለሁ። እሳቸውን እየጠቀስሽ አታድርቂኝ። ቅጹን ለሌላ ሰው ስጪው፣ ለሚችል ሰው።» ተነሥታ መጣችና ቅጹን ከእናቷ እጅ ተቀብላ፣ እንዳይጨማደድ አስተካክላ አጥፋ፣ መልሳ ሰጠቻቸው።